ከዶርዜ አፋፍ፤ ስለ ውቅያኖስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፍልዎት ከዶርዜ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው ወደ ገደሉ አፋፍ ጠጋ ሲሉ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሁለት ሐይቆች ተዘርግተው ያያሉ። በግራ ዓባያ፣ በቀኝ ጫሞ ናቸው። ዓባያ ከደለሉ ብዛት ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሁለቱን የሚለያቸው አገሬው የእግዜር ድልድይ የሚለው ቀጭን የምድር ጀርባ ነው። ከማዶ የአማሮ ተራሮች ቆመዋል። እንግዳ እዚህ ፎቶ ይነሳል፣ ቆጮውን በዳጣ ይቀምሳል፣ ጋቢውን ገዝቶ ይወርዳል። ከመውረድዎ በፊት ግን ትንሽ ይቆዩልኝ። ከፊትዎ ያለው ውቅያኖስ ሲጀመር የሚመስለው ነው።

እኛ ስለ ባሕር ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ወደብ ነው። የወደብ ነገር ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌለን ባሕርን ማወቅም የሌላ ሰው ሥራ መስሎን ቀረ። ልጆቻችን የአምስቱን ውቅያኖሶች ስም ሸምድደው ለፈተና ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይረሱታል። ከምድር ገጽ 71 በመቶውን የሸፈነውን ነገር እንዲህ አድርጎ መርሳት ያሳዝናል። ፓሲፊክ ብቻውን የዓለም የብስ ሁሉ ተደምሮ አይተካከለውም። በማሪያና ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ራስ ደጀን ቢደራረብ ከላይኛው ጫፍ በላይ ገና ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ይተርፋል።

ለመሆኑ ውቅያኖስ ለምን እዚያ ዝቅ ብሎ ተኛ? ብዙዎቻችን ምድር ላይ ጉድጓድ ነበረና ውሃ ሞላው ብለን እናስባለን። ምክንያቱ ከዚያ ይጠልቃል። አህጉሮች የቆሙበት የምድር ቅርፊት ወፍራም ነው፤ በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተሠራበት ድንጋይም ቀለል ያለ ስለሆነ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የውቅያኖስ ወለል ግን ውፍረቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ከባድ ጥቁር ባዛልት ነው፤ ቀጭንም ከባድም ስለሆነ ዝቅ ይላል፣ ውሃውም ወደዚያው ይወርዳል። እንግዲህ አዲስ ውቅያኖስ እንዲወለድ ወፍራሙ ቅርፊት መሳሳት፣ ከዚያም መቀደድ፣ በቀዳዳውም አዲስ ባዛልት መውጣት አለበት። ያረጀ ነጠላ ከሁለት ወገን ሲጎተት መሐሉ እንደሚሳሳ ማለት ነው።

የዶርዜ ገደል የዚያ ጉተታ አንዱ ጠርዝ ነው። ዶርዜ ያለችበት ወገን ከተቀረው አፍሪካ ጋር ቀርቷል፤ ከስምጡ ማዶ ባሌና ኦጋዴን ያሉበት ወገን ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ፍጥነቱ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በመካከል ያለው ምድር ተሰንጥቆ ሰመጠ፤ ዓባያና ጫሞ የተኙት በዚያ ስምጥ ላይ ነው። ለከተማዋ ስም የሆኑት አርባዎቹ ምንጮችም ደጋው የጠጣው ዝናብ ከስምጡ ግርጌ ብቅ የሚልባቸው ናቸው። ሁሉም ስምጥ ውቅያኖስ አይሆንም፤ ተጀምሮ የቆመ በዓለም ላይ ብዙ አለ። የእኛው ግን አሁንም እየሠራ ነው።

ሥራው ወደ ሰሜን ሲሄድ ይገፋል። አፋር ላይ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሦስቱ ይገናኛሉ። በደናክል ቅርፊቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሳስቷል፤ እሳተ ገሞራው ኤርታሌ የሚተፋውም ከውቅያኖስ ወለል ድንጋይ ጋር ዘመድ የሆነ ባዛልት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምድር ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ይህ ዓይነቱ ነገር ሌላ ጊዜ የሚሆነው በአትላንቲክና በሌሎች ውቅያኖሶች መሐል፣ ሺህ ሜትሮች ጥልቀት ላይ፣ ከሰው ዓይን ርቆ ነው። በውቅያኖሶች ወለል ላይ ተያይዞ የሚሄደው የተራራ ሰንሰለት 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከውሃ በላይ ወጥቶ በእግር የሚረገጥበት ቦታ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከዚያ ሥራ ጋር የሚመሳሰለውን አፋር ላይ በደረቅ መሬት ማየት መቻላችን ለአገራችን የተሰጠ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን ስጽፍ አጋንኜ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣውን ለማየት ደግሞ ቀይ ባሕርን ይመልከቱ። እሱም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሰንጠቅ ሲጀምር እንደዚህ ያለ ሸለቆ ነበር። ዛሬ 2,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ይረዝማል፤ መሐሉ ላይ እውነተኛ የውቅያኖስ ወለል አበጅቷል። በምዕራብ አስመራ፣ በምሥራቅ ሰንዓ፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እነዚያ ደጋዎች የአንድ ስምጥ ሁለት ትከሻዎች ናቸው፤ ልክ በዶርዜ ወገን ያለው ጉጌ ተራራ ከዓባያ በላይ እንደሚቆም። ደናክልም የዚያው ባሕር ክንድ ነበረች። ውሃው ሲቋረጥ ደርቆ ጨው ሆነ፤ ዳሎል ላይ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። አያቶቻችን አሞሌ እያሉ የገበያዩበት ጨው የቀይ ባሕር ትራፊ ነው።

አሁን ከድንጋዩ ወደ ዝናቡ ልምጣ። በበልግ ማለዳ ከሸለቆው ጉም ይነሳና ገደሉን እየታከከ ወደ ዶርዜ ይወጣል። የቀርከሃው ቤት ጣራ ይረጥባል። የእንሰቱ ቅጠል ላይ ያረፈው ጠብታ መሐል ባለው ቦይ እየተንሸራተተ ወደ ግንዱ ይወርዳል። የጋሞ ደጋ የበልግ እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ከአትላንቲክ ወገን የተነሳ እርጥበት ኮንጎን አቋርጦ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ ዋና አድርጎ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የፓሲፊክና የሕንድ ውቅያኖስ የውሃ ሙቀት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፓሲፊክ ውሃ ከልክ በላይ ሞቀ፤ ኤልኒኖ የሚሉት ነው። በእኛ አገር ክረምቱ ከሸፈ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ገበሬያችን ባሕር አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ማሳው ግን ከባሕሩ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ነው ይህን እውቀት የቅንጦት ትምህርት አድርገን መቁጠራችን የሚያናድደኝ።

የሚገርመው ደግሞ ከውቅያኖስ መጥቶ ጋሞ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ በወንዝ ወደ ውቅያኖስ አይመለስም። ከጨንቻ ደጋ የሚነሳው ሐሬ ወንዝ ዓባያ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ መውጫው ትነት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሰሐራ አረንጓዴ በነበረበት እርጥብ ዘመን ሐይቆቹ ሞልተው ይፈሱ ነበር፤ ዓባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና፣ ቱርካና ወደ ናይል። ከዶርዜ ሥር የተነሳ ውሃ ሜዲትራኒያን ይደርስ ነበር ማለት ነው። ምስክሩ ዛሬም በሕይወት አለ። አርባ ምንጭ ወርደው ኮተሌት ሲያዙ ከጫሞ የወጣ የናይል ፐርች ሊቀርብልዎት ይችላል፤ በጫሞ ዳርቻ አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ፀሐይ የሚሞቁት አዞዎችም የናይል አዞዎች ናቸው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ በተለይ የጂኦግራፊ መምህር ለሆኑ አንባቢ። አርባ ምንጭ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፍቶ ዩኒቨርሲቲ እስከመሆን ደርሷል፤ የአገሪቱ የውሃ መሐንዲሶች ከዚህ ገደል ሥር ተምረው ወጥተዋል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም እዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ይማር። እርሳስና ወረቀት ይስጧቸው። መጀመሪያ ከጉጌ ተራራ ጀምረው፣ ዓባያን አቋርጠው፣ አማሮ ድረስ የምድሩን ከፍታና ዝቅታ በአንድ መስመር ይሳሉ። ከሥሩ ደግሞ ከካርታ ላይ እያነበቡ ከአስመራ ተነስተው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ ሰንዓ የሚደርሰውን መስመር ይሳሉ። ሁለቱን መስመሮች አስተያይተው የሚጠይቁትን ይስሟቸው፤ የዓመቱን የውቅያኖስ ትምህርት ከዚያ ጥያቄ ይጀምሩላቸው።

ከአክብሮት ጋር፤
ከዶርዜ