ያለ ደብዳቤ ስለተዘጋው ክፍላችን

ለኢንተርኔቱ ማብሪያ ማጥፊያ ባለቤቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ሐዘንን ስለማሳወቅ

በስም ያልጠራኋችሁ ስማችሁን ስለማላውቅ ነው። «ዝጋው» ብሎ ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ እሺ ብሎ የዘጋውስ ማን እንደሆነ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለእኛ የነገረን የለም። ስለዚህ ደብዳቤውን በግልጽ ጽፌዋለሁ፤ የሚመለከተው ሰው ራሱን ያውቃል።

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነኝ። ሐዘን ላይ ነኝ። ለዚህ ሐዘን ድንኳን አልተተከለም፣ እድርም አያውቀውም፣ «እግዜር ያጥናህ» ያለኝም የለም። የሞተብኝ በስልክ ውስጥ የነበረ ክፍል ነው። «እሱማ ምን ክፍል ነው፣ ቴሌግራም ነው እንጂ» የምትሉ ከሆነ፣ ምን እንደነበረ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ የማታውቁትን ነገር ነውና የዘጋችሁት።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪዎቻችን ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደየቀበሌያቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከቤተሰብ ስንቅ እያመላለሱ የሚማሩ ናቸው። ሬዲዮኑና ቴሌቪዥኑ ትምህርት ያስተላልፋል ተባለ፤ ቴሌቪዥን ያለው ግን ከስንት አንድ ነው። ስልክ ግን፣ የራስ ባይሆን የወንድም፣ የወንድም ባይሆን የጎረቤት፣ አይጠፋም። የቴሌግራም ግሩፑን የከፈትነው በዚህ ምክንያት ነው። ማንም አላዘዘንም፣ አበልም አልነበረውም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ጥያቄውን ወረቀት ላይ እሠራና በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ዳታ እንዳይበላባቸው አሳንሼ እልከዋለሁ፤ ከዚያ በድምፅ አጭር ማብራሪያ እጨምርበታለሁ። መልሳቸው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፣ የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ ላይ የሚወጡ ነበሩ፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የገበያ ቀን የሚጠብቁ ነበሩ። በአንድ ስልክ ሦስት አራት ልጅ ሆነው ስለሚማሩም አንዱ የላከውን ጥያቄ «ይቺ የእኔ አይደለችም፣ የእሱ ናት» ይሉኝ ነበር። በድምፅ መልእክታቸው ውስጥ ዶሮ ይጮኻል፣ ፍየል ይጮኻል፣ እናት «ኧረ ከብቱ ገባ!» ስትል ትሰማለች።

አሁን የምላችሁን ልብ በሉልኝ፤ ከሁሉ የምቆጭበት እሱ ነው። ከስድሳ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን ያላወጡ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ በግሩፑ ውስጥ ይጠይቁ ጀመር። የሚስቅባቸው የለም፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ስማቸውን እንኳ በትክክል የማላውቃቸው ልጆች እንዴት ያለ ጥያቄ ይዘው ተቀምጠው እንደኖሩ ያየሁት ያኔ ነው። እርስ በርሳቸውም ይማማሩ ነበር። እኔ ስለ ክብ እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ አስረድቼ ያልገባቸውን፣ አንድ ከወንዝ ማዶ ያለ ልጅ በወንጭፍ አስረዳቸው። «ወንጭፉን ስታዞረው ድንጋዩን ወደ ውስጥ የሚይዘው ገመዱ ነው። ስትለቀው ወዴት ይሄዳል? ወደ ውጭ ዞሮ አይደለም፣ በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ነው። ማማ ላይ ሆናችሁ ዝንጀሮ ስታባርሩ አላያችሁም?» አላቸው። ያንን መልእክት አሁንም ሳስተምር እጠቀምበታለሁ፤ ከመጽሐፉ ይሻላል።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ጠዋት ስልካችን ዝም አለ።

አውቃለሁ፣ ያን ሰሞን አገር ሐዘን ላይ ነበረች። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ፣ ከዚያም በተነሳው ሁከት ብዙ ሰው አልቋል። «ሰው እየሞተ አንተ ስለ ፊዚክስ ታወራለህ ወይ?» ብትሉኝ ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ግን የሰው ሕይወት ለማትረፍ ነው ካላችሁ፣ ለምን ያህል ቀን እንደሆነ ተናገሩ፤ እኛም ለልጆቹ እንንገራቸው። ሦስት ሳምንት ገደማ ምንም ሳይነገረን ቆየን። ሁከቱ ያልደረሰበት ቀበሌ ያለ ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመቱን የሚማር ልጅ፣ ጉብታው ላይ እየወጣ ስልኩን ሽቅብ ሲያነሳ ከረመ።

ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ምሽት አንዲት ተማሪ ጥያቄ ልካልኝ ነበር። ድንጋይና ላባ አየር በሌለበት እኩል ይወድቃሉ የተባለው እንዴት ነው፣ የድንጋዩ ክብደት ይበልጥ አይደለም ወይ የሚል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች የተከራከሩበት ነው። መልሱን በድምፅ ቀድቼ ልልከው ስል ስልኬ ኔትወርክ አጣ። መልእክቱ አጠገብ ያቺ ትንሽ የሰዓት ምልክት እንደተቀመጠች ቆየች። ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ ሄደ፤ ግን አልተከፈተም። በ2013 ትምህርት ሲጀመር ልጅቷ አልተመለሰችም። አንዱ «አግብታለች» አለኝ፣ ሌላው «አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» አለኝ። ኢንተርኔቱ ስለተዘጋ ነው የቀረችው አልልም፤ ትምህርት ለማቋረጥ በእኛ አገር ምክንያት አይጠፋም። የምለው፣ ከትምህርቷ ጋር የሚያገናኛት አንድ ክር ብቻ በቀረበት ሰሞን ያንን ክር የቆረጠው ድህነቷ አልነበረም፣ ቤተሰቧም አልነበሩም።

እናንተ ግን ይህን ልማድ የጀመራችሁት በኮሮና ጊዜ አይደለም። ከዚያ በፊትም በእኛው ስም፣ በተማሪ ስም ዘግታችኋል። ግንቦት 22 ቀን 2008 ሊጀመር የነበረው የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ የእንግሊዝኛው ወረቀት ፌስቡክ ላይ ስለወጣ ተሰረዘ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ልጅ እርሳሱን ቀርጾ፣ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያወጡት ሰዎች በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዓመት በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ለወራት ተዘግተው ስለነበር ለልጆቹ ጊዜ ይሰጣቸው የሚል ምክንያት ነበራቸው። ምክንያቱ እውነት ነበር፤ መንገዱ ግን የሌላውን ልጅ ልፋት ረገጠ። ሐምሌ ላይ ፈተናው እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያውን ዘጋችሁ። የዚያን ጊዜው የመንግሥት ቃል አቀባይም ተማሪዎችን ከጥናታቸው ስለሚያዘናጋ ነው አሉ። በ2009 በፈተናው ሰሞን መላው ኢንተርኔት ጠፋ። በሰኔ 2011 እንደገና ጠፋ፤ ያኔማ ምክንያቱን እንኳ በጊዜው አልነገራችሁንም።

ያ የ2008ቱ የፈተና ወረቀት ከሳጥን ነው የወጣው። ሳጥኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን የሚይዝ ሰው አለ፣ ሰውየውን የሚሾም መሥሪያ ቤት አለ። ፌስቡክ ወረቀቱ የተለጠፈበት ግድግዳ ነበር። እናንተ ሳጥኑን ትታችሁ ግድግዳውን አፈረሳችሁ፤ እኛ ግን በዚያ ግድግዳ ላይ ገና ትምህርት መጻፍ ልንጀምር ነበር። በኋላ፣ በ2015 መጀመሪያ፣ ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብታችሁ፣ ስልክ ከልክላችሁ ስትፈትኑ አየን። ለካ ፈተናን ራሱን ፈተናውን በመጠበቅ ከመሰረቅ ማዳን ይቻል ኖሯል። ለዚያ ሥራ ያለኝን አክብሮት አልደብቅም፤ መኮረጅ ያሰለቸው መምህር ያውቀዋል።

«ኢንተርኔት ውሃም አይደለም፣ አየርም አይደለም» የተባለው በሐምሌ 2011 ነው፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ አፍ። እውነት ነው፣ አይደለም። መጽሐፍም ውሃ አይደለም። ጥቁር ሰሌዳም አየር አይደለም።

የ2015ቱን ግን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ጥር 19 የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ለሕዝብ ተናገሩ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፣ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆኑ። አገር ደነገጠ። የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። «ከእንግዲህ እንሠራለን» ተባባልን። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በበቂ ታትሞ ስላልደረሰ ልጆቹ የሚያነቡት በሶፍት ኮፒ ነበር፤ ሶፍት ኮፒው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በቴሌግራም ነበር። ወርክሺቱ እዚያ ነበር፣ የድሮ ፈተናዎች እዚያ ነበሩ፣ ሌላ ከተማ ያለ ጎበዝ መምህር የሠራው መልስ እዚያ ነበር።

የካቲት 2 ዘጋችሁት። ውጤቱ ከተነገረ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ምክንያቱ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሳው አለመግባባት ነበር ይባላል። አለመግባባቱ በሳምንታት ውስጥ በንግግር በረደ፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ግን አምስት ወር ያህል ተዘግተው ቆዩ። የተከፈቱት ቀጣዩ ፈተና ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። በመካከሉ ተማሪዎቼ ፊዚክስ ከመማራቸው በፊት እገዳውን የሚያልፉበትን ቪፒኤን መጫን ተማሩ። ቪፒኤኑ ባትሪ ይጨርሳል፣ ዳታ ይበላል፣ ግማሹ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ማስታወቂያ ያሳያቸዋል። ካርድ መሙላት የቻለው ልጅ ገባ፣ ያልቻለው ውጭ ቀረ። በዚያ ዓመት ክረምት 845,188 ተፈትነው 27,267 አለፉ፣ 3.2 በመቶ። መዘጋቱ ነው ያወረደው አልልም፤ ከቀደመው ያን ያህልም አልወረደም። ልትታገሉት ቃል የገባችሁትን ውድቀት ልጆቹ ሲታገሉት ግን መሣሪያቸውን ከእጃቸው ወሰዳችሁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ጦርነት መጣ። አማራ ክልል ውስጥ ሞባይል ዳታ ጠፋ፤ ለብዙ ወራት። ዋይፋይ ያለው ሆቴል ደጃፍ ላይ ሥራ ፈላጊው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ተደርድሮ ይቆም ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ተዘጉ። በ2017 የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆኑን ተናግሯል። ጦርነቱን ያመጣው የኢንተርኔት መዘጋት አይደለም፤ መምህርን የሚያግተውና ትምህርት ቤት የሚያዘጋው ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ራሱን ይፈልግ። ነገር ግን ሕንፃው ሲዘጋ በስልክ ልንይዛቸው እንችል ነበር፤ በ2012 ይዘናቸው ነበር። የትግራይ መምህራን በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ትምህርት ቤቱም ኢንተርኔቱም ተዘግቶ መኖርን ከእኛ በፊት፣ ከእኛም በባሰ ሁኔታ፣ ሁለት ዓመት ያህል ቀምሰውታል። ያኔ ስለ እነሱ ጮክ ብለን የጻፍን ጥቂት ነን።

ለእናንተ ብቻ ጽፌ ሌላውን ብተው ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ «ሙሉ ጥያቄው አለን» እያላችሁ ቻናል የምትከፍቱ፣ እናቱ ዶሮ ሸጣ የሰጠችውን ብር ከልጅ እጅ በስልክ የምትቀበሉ፣ ያለፈ ዓመት ወረቀት ቀኑን ቀይራችሁ የምትልኩ፦ ለዘጊዎቹ ሰበብ አቀባዮች እናንተ ናችሁ። እናንተም ስማችሁ አይታወቅም። በዚህስ ከእነሱ ጋር አንድ ናችሁ።

ዛሬ ደግሞ ፈተናው በኮምፒውተር ነው ተብሏል፤ ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ እየሰፋ ነው። እኔ አልቃወምም፣ ጥሩ ነው። ግን ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እንዲለማመድ ስነግረው «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚዘጋው?» ይለኛል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ነው ያላችሁ። የሚዘጋ መሆኑን አይጠራጠርም፤ ማወቅ የሚፈልገው ቀኑን ነው።

እኔ ከግምጃ ቤት አንድ ፓኬት ጠመኔ ለማውጣት በሞዴል 20 እጠይቃለሁ፣ ርእሰ መምህሩ ይፈርማል፣ በሞዴል 22 እረከባለሁ። ግማሽ ቀን ብቀር ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወር መሸኛው ክብ ማኅተም ከሌለው አንቀበለውም። ይህን ሁሉ ወረቀት ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። የአንድ አገር ተማሪ ክፍል ግን ያለ አንዲት ቁራጭ ደብዳቤ ይዘጋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ወረቀት ነው። ወደ ኋላም ተመልሳችሁ ጻፉልን፦ የሰኔ 2012ቱን፣ የየካቲት 2015ቱን፣ የሐምሌ 2015ቱን። ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደተዘጋ፣ በምን ምክንያት፣ በማን ትእዛዝ፣ ከታች ስምና ፊርማ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከውጤት ዝርዝሩ ጎን እለጥፈዋለሁ። በኢንተርኔት መላክ ካልተመቻችሁ በፖስታ ላኩት፤ የትምህርት ቤቱን ሣጥን ቁጥር ወረዳው ያውቀዋል።