ዘፈኑስ ስንብት ነው፣ ልጁስ?

ዛሬ የአንዲት የ25 ዓመት እህታችንን ጥያቄ ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ።

ሦስት ዓመት አብሯት የቆየው ጓደኛዋ ለሥራ ወደ ዱባይ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በስልኳ አንድ ዘፈን ይልክላታል። የዊትኒ ሂውስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»። ከዘፈኑ ጋር አንዲት ቃል የለም። ጓደኞቿ «ታድለሽ! ሁልጊዜም እወድሻለሁ እኮ ነው ያለሽ» ብለው ፈነጠዙ። እሷን ግን ሆዷን ባር ባር ብሏታል። ዘፈኑ ያለበትን «ዘ ቦዲጋርድ» የተባለ ፊልም አብረው አይተውት ጠልታው ነበርና፣ «ፊልሙ አስጠልቶኝ ይሆን ዘፈኑም ያልጣመኝ?» ትላለች።

እህቴ፣ ፊልሙን የጠላሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ሐያሲያን አብጠልጥለውታል። ለዓመቱ መጥፎ ፊልሞች በሚሰጠው «ራዚ» በተባለው የፌዝ ሽልማት ሰባት ጊዜ ታጭቶ ነበር፤ ደግነቱ አንዱንም አላገኘም። እኔም ብሆን ኬቪን ኮስትነር ፊቱን እንዳኮሳተረ ፊልሙን ሲጨርሰው ማየት ሰልችቶኛል። ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤቶችን አጨናንቆ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባለት። ባለውለታው ዘፈኑ ነው ባይ ነኝ። በአሜሪካ ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ያ ሙዚቃ የሌለው፣ ድምጿ ብቻ የሚሰማበት መግቢያ አለ አይደል? እንዲያ ይሁን ብሎ የተሟገተው ራሱ ኮስትነር ነው። ለትወናው ባላመሰግነውም ለዚህስ እጅ ነስቻለሁ።

አሁን ወደ ባር ባር ያለሽ ነገር ልምጣ። ዘፈኑን የደረሰችው ዶሊ ፓርተን ናት፤ በ1973። ለፍቅረኛዋ አልነበረም። ከ1967 ጀምሮ ፖርተር ዋጎነር በተባለ ዘፋኝ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አብራው ስትሠራ ቆይታ፣ ለብቻዬ ልውጣ ብትለው አልሰማ አላት። ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ በንግግር እምቢ ያላትን በዘፈን ነገረችው። እወድሃለሁ፣ ግን እሄዳለሁ ነው ነገሩ። በፊልሙም ቢሆን ዘፋኟና ጠባቂዋ አይጋቡም፤ ኤርፖርት ላይ ተሳስመው ይለያያሉ። በየካቲት 2012 የዊትኒ አስከሬን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የተሰማውም ይኸው ዘፈን ነው። በሠርግ ላይ የሚያስከፍቱት ሙሽሮች ሁሌም ይገርሙኛል!

ስለዚህ የጠረጠርሽው ፊልሙን ስለጠላሽ አይደለም። ግን ደግሞ ቶሎ አታልቅሺ። ልጁ እንደ ጓደኞችሽ ርዕሱን ብቻ ሰምቶ ልኮት ሊሆን ይችላል። ዶሊ ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ ዓይኑን እያየች ነው የዘፈነችለት። ያንቺው ልጅ በስልክ ልኮ ዝም ማለቱ ነው እኔን ያልተዋጠልኝ።

ቦሌ ሳይደርስ ቁጭ አድርጊና «ልትሰናበተኝ ነው ወይስ ጠብቂኝ ማለትህ ነው?» በይው። ጠብቂኝ ካለ መቼ እንደሚመለስና ሽማግሌ የሚልክበትን ጊዜ ይንገርሽ። ከተንተባተበም መልስ ነው። ብቻ አደራሽን፣ አንቺም በሌላ ዘፈን እንዳትመልሺለት!