ከቁጣው የሚቀድም ሐዘን

የጥፋት ውኃን ታሪክ ብዙዎቻችን የሰማነው እንደ ቁጣ ታሪክ ነው። ሰው ከፋ፣ እግዚአብሔር ተቆጣ፣ ውኃው መጣ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 6ን ረጋ ብሎ ላነበበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰው ክፋት በምድር ላይ እንደ በዛ ከተነገረ በኋላ የምንሰማው እግዚአብሔር በልቡ ማዘኑን ነው። በዕብራይስጡ ኦሪት ከዚያ እስከ ቀስተ ደመናው ኪዳን ድረስ ስለ ቁጣው የሚናገር አንድ ቁጥር እንኳ የለም። ፍርዱ እጅግ ከባድ ነው፤ የወጣው ግን ካዘነ ልብ ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ የእግዚአብሔር ሐዘን ከቁጣው ይቀድማል፤ ቁጣው ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳንም ሐዘኑ ነው። ሐዘኑን ዘንግቶ በቁጣው የሚጀምር ስብከት የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ይገለብጣል።

«የማይለወጥ አምላክ እንዴት ያዝናል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መጽሐፍ ቅዱስም ጥያቄውን አይሸሸውም። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ቁጥር 11፣ እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ መጸጸቱን ለነቢዩ ሳሙኤል ይነግረዋል። በቁጥር 29 ያው ነቢይ «እሱ እንደ ሰው የሚጸጸት አይደለም» የሚል መልእክት ለሳኦል ያደርሳል። ምዕራፉ ሲዘጋ ደግሞ ጸጸቱ እንደገና ይነገራል። ጸሐፊው ይህን ሳያስተውል ጻፈው ማለት ዘበት ነው። እኔ እንደምረዳው እግዚአብሔር ያዝናል፣ ሐዘኑ ግን እንደ እኛ አይደለም፤ እኛ የምንጸጸተው ነገሩ ቀድሞ ስላልታየን ነው፣ እሱ የሚያዝነው እያወቀ ስለሚወድ ነው። ሳሙኤልንም ልብ በሉት። ሳኦልን ፊት ለፊት የገሠጸው ሌሊቱን ሙሉ ወደ አምላኩ ሲጮኽ አድሮ ነው፤ ከተለየውም በኋላ አልቅሶለታል።

በዚህ ጉዳይ አባቶች ብዙ ደክመዋል። ከእነርሱ መካከል ነገሩን አጥርቶ ያስተማረን፣ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የቆመው የእስክንድርያው ቄርሎስ ነው። ትምህርቱ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሶ በስሙ በሚጠራው «ቄርሎስ» መጽሐፍ ስለ ቆየልን ለእኛ እንግዳ አይደለም። መለኮት በባሕርዩ አይታመምም፤ ቃል ግን የእኛን ሥጋ የራሱ አድርጎታል። በእሳት የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ ብረቱ ይቀጠቀጣል፣ እሳቱ ግን አይጎዳም ሲል ቄርሎስ ያስረዳል። እንግዲህ ጌታ በአልዓዛር ሞት ያፈሰሰውን እንባ «የሥጋው ነው» ብለን ከአምላክነቱ ልንለየው አንችልም። ተዋሕዶ ካልን የዚያ እንባ ባለቤት እግዚአብሔር ቃል ነው። ጀርመናዊው ዩርገን ሞልትማን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው «የተሰቀለው አምላክ» ከዚህ አልፎ ሕማሙን ወደ ራሱ ወደ መለኮት አስገብቶታል። ከጦርነት ማግሥት የተወለደ ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ሆኖም ሕማማችንን የራሱ አድርጎ በሕማም ያልተሸነፈ አምላክ ያስፈልገናልና የቄርሎስን መንገድ እመርጣለሁ።

ሐዘኑ ከቁጣው እንደሚቀድም ወንጌሉም ያሳያል። በሉቃስ ምዕራፍ 19 ጌታ የደብረ ዘይትን ቁልቁለት ሲወርድ ደቀ መዛሙርቱ በታላቅ ድምፅ ያመሰግናሉ፣ መንገዱ ላይ ልብስ ይነጠፋል። በዚያ ደስታ መካከል ከተማይቱን አይቶ አለቀሰላት። ጠላቶቿ እንዴት እንደሚከቧት ዘርዝሮ ተናገረ፤ እ.ኤ.አ. በ70 የቲቶ ሠራዊት ኢየሩሳሌምን አፈረሳት። ሊመጣባት ያለውን እያወቀ «ይበላት» አላለም። ወደ መቅደስ ገብቶ ሻጮቹን ያስወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሉቃስ አጻጻፍ ያ ክንድ ከጥቂት ቁጥሮች በፊት ያለቀሰው ሰው ክንድ ነው። ማርቆስ ደግሞ በምዕራፍ 3 ቁጥር 5 እጁ ስለ ሰለለችው ሰው ሲተርክ ቁጣውንና ሐዘኑን በአንድ ቁጥር ያጣምራል። የዚያ ቁጣ ፍጻሜ የሰውዬው መፈወስ ነው።

ይህ ንስሐችንን ይለውጠዋል ብዬ አምናለሁ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ሲክድ ጌታ ዘወር ብሎ አየው እንጂ አንዲት ቃል አልተናገረውም። ጴጥሮስም ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። እኛ ግን ስንት ስግደት፣ ስንት ቀን ጾም ይታዘዝብን ይሆን እያልን እያሰላን ወደ ንስሐ አባታችን እንሄዳለን። ቀኖናው መድኃኒት ነው፤ ማንን እንዳሳዘንን ሳናስብ ስንፈጽመው ግን ዕዳ ከፍሎ መገላገል ይሆንብናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች መንፈስ ቅዱስን አታሳዝኑ ብሎ ሲጽፍ በዙሪያው የጠቀሳቸው ሐሰት፣ ስርቆት፣ ክፉ ንግግር፣ መራርነትና ጩኸት ናቸው፤ ሁሉም በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የሚውሉ ናቸው።

በሰሙነ ሕማማት ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ሲሰግድ የምታስተምሩ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ በሲኦል እሳት አትጀምሩልን። በኃጢአታችን ያሳዘንነው ማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ስለ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ስትነግሩን እንሰማችኋለን።