ስለ ካርታ ጨዋታና ስለ ጨዋታው ስፍራ

ፖከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ወንዝ በሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ላይ ይታይ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በላስ ቬጋስ ከተማ የዓለም ውድድር ተቋቋመለት።

እኛም በዘመናችን በልዩ ልዩ ስፍራ ተጫውተነዋል። በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሻንጣችንን በጉልበታችን ላይ አጋድመን ገበታ አደረግነው፤ በድሬዳዋ ሙቀቱ እንቅልፍ በነሣን ሌሊት በረንዳ ላይ ተቀመጥን፤ በአዲስ አበባም በክረምት ምድጃ ከበብን። ስፍራው ቢለዋወጥ ካርታው ያው 52 ነው። ከእርሱም የሚወጣው ባለ አምስት ካርታ እጅ 2,598,960 ዓይነት ሲሆን፥ ከሁሉ የሚበልጠው 4 ብቻ ነው፤ ሰው ግን ዘወትር ለራሱ የሚወጣ ይመስለዋል።

በአንድ ሆቴል ያየነውን አንረሳውም። አንድ ባለቤተሰብ ገንዘቡ ቢያልቅበት፥ ለልጁ ትምህርት ቤት ያዘጋጀውን ከኪሱ አወጣ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ካርታቸውን ደፍተው አስቀመጡና «ይህ ገንዘብ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እዚህ የለም» ብለው ተነሡ። ሁላችንም ተከትለን ተነሣን።

በአንድ ወዳጃችን ቤት ግን እመቤቲቱ በገንዘብ ፈንታ ሽምብራ ይሰፍሩልን ነበር። ሽምብራ የተበላው ሲቆጣ፥ የበላውም ሲኮራ አይተናል፤ የሰው ጠባይ ለመገለጥ ብር አያሻውም። ስለዚህ መጫወት የሚወድ ሰው በሽምብራ ይጫወት፤ ቢበላም ባይበላም፥ ሲነጋ ሽምብራው ተቆልቶ ለልጆቹ ቁርስ ይሆናል።