ከሴቷ ይህን ጠበቅን፤ ከወንዱስ?



ስለ ሙስሊም ሴት ልጅ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። አለባበሷ፣ አነጋገሯ፣ የቤት አያያዟ በየመድረኩ ይዘረዘራል። ወንድሟስ? ለእርሱ የተዘጋጀው ዝርዝር የት አለ? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት በግብፅ ተነሥቶ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ፣ በቤይሩትና በሌሎችም የዐረብ ከተሞች «ነህዳ» የሚባለው የመነቃቃት ዘመን መጣ። ማተሚያ ቤቶች ተከፈቱ፤ ጋዜጦች በዙ፤ መጻሕፍት ተተረጎሙ። ሕዝብ ከእንቅልፉ ሲነቃ ደግሞ «ምን ዓይነት ወንድ፣ ምን ዓይነት ሴት እንሁን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ1826 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፓሪስ ለተላኩ የግብፅ ተማሪዎች ኢማም ሆነው የሄዱት የአዝሃሩ ሸኽ ሪፋዓ አጥ-ጦህጧዊ፣ ትምህርት ለወንዶችም ለሴቶችም ልጆች እንደሚገባ በመጽሐፍ አስረዱ። በ1873ም በካይሮ የሱዩፊያ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በ1840 የተወለዱት ባለቅኔዋ ዓኢሻ ተይሙር ግን ይህን ትምህርት ቤት በልጅነታቸው አላገኙም። እናታቸው ጥልፍ ሊያስተምሯቸው መርፌና ክር ሲያቀርቡ፣ የልጅቱ ቀልብ ከወረቀትና ከቀለም ጋር ነበር። አባት በመካከል ገብተው እናቲቱን አግባቡና መምህራን ቀጠሩ። ያ አባት ፊቱን ቢያዞር ኖሮ ስንቱ ግጥም ሳይጻፍ በቀረ! ዓኢሻ በ1892 ባሳተሙት መጽሐፍም ለሀብት ብለው የሚያገቡትን፣ ሸክሙን በሚስት ላይ ጥለው ራሳቸው በከንቱ የሚውሉትን ባሎች ገሠጹ። የቤት አለቃ መባል ኃላፊነትን ከመወጣት ጋር እንጂ ወንድ ሆኖ ከመወለድ ጋር ብቻ እንዳልሆነ አስገነዘቡ።

በ1899 ቃሲም አሚን ስለ ሴቶች ነፃነት መጽሐፍ ሲያወጡ አገሩ በክርክር ተናወጠ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም በአብዛኛው ወንድ፤ የክርክሩ ርዕስ ግን ሴት!

በዚህ መካከል መለክ ሒፍኒ ናሲፍ የተባሉ መምህርት ብዕራቸውን አነሡ። በ1886 የተወለዱ፣ በአባታቸው አበረታችነት የተማሩ ነበሩ። አግብተው ወደ ፈዩም ሲሄዱ ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳላቸው የተረዱት ከገቡ በኋላ ነበር። ይህን የመሰለ ቁስል ይዘው ሃይማኖታቸውን አልወቀሱም። ይልቁንም በ1909 ለሴቶች ባደረጉት ንግግር ዐሥር ነጥቦችን ዘረዘሩ። ሴት ልጅ ቁርኣንና ትክክለኛውን ሱንና ትማር፤ ከሕፃንነቷ በትዕግሥት፣ በእውነተኝነትና በሥራ ትታነጽ፤ የቤት አያያዝ፣ የጤና አጠባበቅና የልጅ አስተዳደግ ትወቅ፤ ለሕክምናና ለመምህርነት ትሠልጥን፤ ተጋቢዎች ሳይተያዩ አይጋቡ የሚሉ ይገኙበታል።

ዐሥረኛው ነጥብ ግን ስለ ሴት አይደለም። ይህን ሁሉ በሥራ ላይ ማዋል የወንድሞቻችን ግዴታ ይሁን ይላል። ለምን? የትምህርት ቤቱ በጀት፣ የኒካሑ ውልና የምክር ቤቱ ወንበር በወንድ እጅ ነበሩና። በ1911 የመለክ ጥያቄዎች ለግብፅ ጉባዔ ሲቀርቡ እንኳ ያነበበላቸው ወንድ ነበር። እርሳቸው በ1918፣ ገና በ31 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወላጆች ሆይ፣ እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ወንድምና እኅት ከትምህርት ቤት አብረው ይገባሉ። እርሷ ወደ ማድ ቤት፣ እርሱ ወደ ኳስ። የሚጠብቃቸው ፈተና ግን አንድ ነው። እርሷ ብታመሽ «የት ነበርሽ?» እንላለን፤ እርሱ ቢያመሽ ራቱን እናሞቅለታለን። ትዕግሥት፣ እውነተኝነትና ሥራ ለእርሱስ አያስፈልጉትም? ነገ እርሱም ባል፣ እርሱም አባት ይሆን የለም ወይ?

ወጣት ወንድሞቼ፣ የእኅታችሁን ዝርዝር ከማንበባችሁ በፊት ዐሥረኛውን ነጥብ አንብቡ። ደብተሯን የምትገልጥበት ጊዜ እንድታገኝ ዛሬ ማታ ሳህኑን እናንተ እጠቡ። በአንድ እጅ ማጨብጨብ አይቻልምና።

አላህ ሴቶቻችንንም ወንዶቻችንንም ለኃላፊነታቸው የበቁ ያድርግልን። አሚን።