ለይቶ ማቆያ የገባ ሠራተኛ ደመወዝ ማን ይክፈል?

ርዕሰ አንቀጽ



በዕድር ስብሰባም ሆነ በሱቅ ደጃፍ ስለ ኮሮና ዘመን በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሰው ከመንገድ ሲመለስ «በሽታ ይዘህ ሊሆን ይችላልና ለብቻህ ተቀመጥ» ብሎ መንግሥት ቢያዘው፣ በተቀመጠባቸው ቀኖች ቤተሰቡ የሚበላው ከየት ይመጣል? ሠራተኛው አልታመመም፤ ግን አልሠራም። አሠሪው አላባረረውም፤ ግን ሥራ አላገኘበትም። ያዘዘው መንግሥት ነው። የተጠቀመው ደግሞ ከበሽታው የተረፈው ሕዝብ ነው። ታዲያ ሒሳቡ የማን ነው?

«ይህ እኮ ያለፈ ነገር ነው፣ ኮሮና አለፈ» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሞያሌ የኤምፖክስ በሽታ ተገኝቷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መታየቱን ጤና ሚኒስቴር አረጋግጧል። ማርበርግን በመሰለ በሽታ ከታመመ ሰው ጋር የተነካካ ሰው 21 ቀን ክትትል ሊደረግበት ይገባል። እንግዲህ ከሰፈራችን ወደ ክፍለ ሀገርም ሆነ ወደ ውጭ አገር ለንግድ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ የማይሄድ ቤተሰብ የትኛው ነው? ነገ «ተቀመጥ» የሚባለው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

በመጀመሪያ በአገራችን የሆነውን እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በተመደቡ ሆቴሎች 14 ቀን በራሱ ወጪ እንዲቀመጥ ታዘዘ። በኋላም ከዓረብ አገር ለሚመለሱ ወገኖቻችን ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ እስከ መሆን ደረሱ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ፤ አሠሪዎችም ከተፈቀደው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ተከለከሉ። በሚያዝያ ወር ደግሞ በበሽታው ምክንያት ሥራቸው ቆሞ ሳለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል ላላቋረጡ ድርጅቶች፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው የሥራ ግብር ለአራት ወር እንዲቀርላቸው ተወሰነ። እነዚህ ሁሉ መልካም እርምጃዎች ነበሩ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የግብሩ ምሕረት የታሰበው ሥራው ለቆመበት ድርጅት ነው። ሥራው እየቀጠለ አንድ ሠራተኛው ብቻ ለይቶ ማቆያ ለገባበት ባለ ሱቅ ወይም ባለ ጋራዥ በዚያ ውሳኔ የተመለሰለት ነገር የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሕመም ፈቃድ በግልጽ ደንግጓል። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው። ለይቶ ማቆያ የገባው ሰው ግን ጤነኛ ነው። ሐኪም «ታሟል» ብሎ ሊጽፍለት አይችልም። «ከዓመት ፈቃድህ ይታሰብ» ቢባልስ? የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የሚያገኘው 16 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው የ14 ቀን መለየት 12 የሥራ ቀን ይበላል፤ ለዓመቱ የሚተርፈው አራት ቀን ብቻ ነው። መለየቱ 21 ቀን ከሆነ ደግሞ 18 የሥራ ቀን ነውና ፈቃዱ ሁሉ ተሟጦ ሁለት ቀን ዕዳ ይቀራል። የጡረታ መዋጮውም ቢሆን፣ ሠራተኛው 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ የሚከፍሉት፣ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች የቆመ እንጂ ለዚህ የታሰበ አይደለም።

በዚህ ላይ የቤት ሠራተኞቻችን ከነጭራሹ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የቀን ሠራተኛውም ቢሆን ውሎ ካልገባ ምንም የለው።

ለአሠሪውም ቢሆን እንዘንለት። በሰፈራችን «አሠሪ» ስንል ባለ ፋብሪካ ማለታችን አይደለም። ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ዳቦ የሚጋግር፣ ፀጉር የሚያስተካክል፣ እንጀራ ለሆቴል የሚያቀርብ ጎረቤታችን ነው። ከሦስት ሠራተኞቹ አንዱ ለ21 ቀን ቢቀር፣ ለቀረውም ለተተኪውም ክፈል ቢባል፣ በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ ከየት ያመጣል? «ክፈል» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚከተለው ነው። ደመወዙ እንደሚቀርበት የሚያውቅ ሠራተኛ የት እንደነበረ አይናገርም። ከማን ጋር እንደተነካካ ሲጠየቅ «ማንንም አላገኘሁም» ይላል። አሠሪውም ካወቀ መክፈል ሊመጣበት ነውና አይጠይቅም። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ በሽታው ግን ዝም አይልም፣ በታክሲውም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በቡናውም ይገባል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው። መደበቁን ብቻ ከመኮነን፣ ሰው እንዲደብቅ የሚገፋውን ነገር ማንሣት ይበልጣል። የሚገፋውም ረሃብን መፍራት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህንን እንዴት አደረጉት? የጀርመንን ሥርዓት እንመልከት። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የወረርሽኝ ሕግ እንኳ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ካሣ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ የዋለው የተላላፊ በሽታዎች መከላከያ ሕግም በአንቀጽ 56 ይህንኑ አጽንቶ ይዞታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሥልጣን «ተለይተህ ተቀመጥ» ብሎ ላዘዘው ሠራተኛ፣ አሠሪው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ያጣውን ገቢ በመንግሥት ፈንታ ሆኖ ይከፍለዋል። ከዚያም ማስረጃውን አያይዞ ያመለክታል፤ መንግሥትም ገንዘቡን ይተካለታል። ሠራተኛው በየቢሮው ደጅ አይጠናም። አሠሪውም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከኪሱ አይጎድልበትም። ኮሮና ሲመጣ ጀርመኖች መነሻ የሚሆን ሕግ በእጃቸው ነበራቸው፤ ማመልከቻው ሲበዛም የማመልከቻውን ጊዜ ገደብ እስከ ሁለት ዓመት አራዘሙት።

ስለ ተጓዡ ግን ክርክር መነሣቱ አልቀረም። «በሽታ እንዳለበት እያወቀ ለሽርሽር ሄዶ ለተመለሰ ሰው የእኔ ግብር ለምን ይከፈልለታል?» የሚል ሰው እዚያም ነበር። ነገሩም ፍሬ አለው። ስለዚህ በኅዳር ወር 2020 (እ.ኤ.አ.) ሕጉ ተሻሻለ፤ ሊቀር የሚችል ጉዞ አድርጎ፣ አስቀድሞ አደገኛ ተብሎ ወደ ተመደበ ቦታ ሄዶ የተመለሰ ሰው ካሣ አያገኝም ተባለ። ሊቀር የማይችል የሚባለውም ግድ የሆነና ለሌላ ጊዜ የማይተላለፍ ምክንያት ያለው ጉዞ ነው። የልጅ መወለድና የቅርብ ዘመድ ሞት ለዚህ ምሳሌ ሆነው ሲጠቀሱ፣ የእረፍት ጉዞ ግን ሊቀር የሚችል ተብሎ ተቆጠረ። ወላጁን ሊቀብር የሄደና ሊዝናና የሄደ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ይህ ለእኛም ኅብረተሰብ የሚገባ ፍርድ ነው።

እስራኤል ደግሞ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት አገር ናትና የሷም ነገር ይነገር። በመጀመሪያ የመለየቱ ቀን እንደ ሕመም ፈቃድ ይታሰብ ተባለ፤ ሸክሙ አሠሪው ላይ ወደቀ። የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር አቤት አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) ይህ በሕግ ያልተደገፈ ነው ብሎ ወሰነ፤ ሕግ እንዲወጣበትም የጥቂት ሳምንታት ጊዜ ሰጠ። በዚያው ዓመት በወጣው ጊዜያዊ ሕግ እስከ 20 ሠራተኛ ላለው አሠሪ ከከፈለው 75 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 50 በመቶ በብሔራዊ መድን ተቋም በኩል እንዲተካለት ተደረገ። ትንሹ አሠሪ የበለጠ ታሰበለት። ከውጭ አገር ተመልሶ የተለየ ሠራተኛ ግን፣ አሠሪው ልኮት ካልሆነ በቀር፣ በዚህ ክፍያ አልተካተተም። እዚህ ላይ ከጀርመኖቹ ይልቅ ጠንክረዋል።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከቻይና ተመልሶ 14 ቀን ከሥራ ለተገለለ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለአሠሪው በቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር ስትሰጥ፣ ታይዋን ሌላ መንገድ መረጠች። ለተለየው ሠራተኛ ደመወዝ የከፈለ አሠሪ ግብሩ ሲሰላ የከፈለውን እጥፍ አድርጎ ከገቢው እንዲቀንስ ፈቀደች። እንግዲህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ገንዘቡን ሙሉ ተካ፣ አንዱ ከፊሉን፣ አንዱ በቀን ቁርጥ፣ አንዱ በግብር። ሁሉም የተስማሙበት ነገር ግን አለ፦ ለሁሉ ጥቅም የታዘዘን ነገር አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ ከየት አምጥተን?» የሚለው ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። የአገራችን ካዝና የሚጠበቅበት ብዙ ነው። ሆኖም ወረርሽኙ ገና ሲጀምር የሚለዩት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ያን ጊዜ የጥቂቶችን ደመወዝ መተካት፣ በኋላ ሆስፒታል ሲሞላና ገበያ ሲዘጋ ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። «ማጭበርበር ይበዛል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ነው ክፍያው በጤና ባለሥልጣን የጽሑፍ ትእዛዝና በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ መመሥረት ያለበት። በግብር ይካካስ የሚለውም ሐሳብ መልካም ነው፤ ግን ትርፉ ትንሽ የሆነ ሱቅ ከግብሩ የሚቀነስለት ብዙ የለውምና ለትንንሾቹ ጥሬ ገንዘቡ ይሻላል።

ስለሆነም ይህ ዝግጅት ክፍል የሚከተሉትን ለነዋሪውም ለሚመለከተውም ሁሉ ያቀርባል።

አንደኛ፣ በሰፈራችን ያላችሁ አሠሪዎችና ሠራተኞች ከጉዞ በፊት ተነጋገሩ። ሠራተኛው ሲመለስ ለይቶ ማቆያ ቢገባ ስንት ቀን በደመወዝ፣ ስንት ቀን ከዓመት ፈቃድ፣ ስንት ቀን ያለ ክፍያ እንደሚሆን በወረቀት ላይ ስፈሩ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። አሠሪው ራሱ የላከው ከሆነ ግን ሙሉውን መክፈል አለበት፤ ይህ ክርክር አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ተለይታችሁ እንድትቀመጡ የታዘዛችሁ ሁሉ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን የተጻፈበት ማኅተም ያለው ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። ወረቀት የሌለው ሰው ነገ ማካካሻ ቢፈቀድ እንኳ የሚያሳየው አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ ዕድሮቻችን ለሞተ ሰው የሚያደርጉትን እናውቃለን፤ እናመሰግናለንም። ሞት እንዳይመጣ ብሎ ቤቱ ለተቀመጠ ሰውስ ጤፍና ዘይት በብድር ማድረስ አይቻልም ወይ? በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይነሣ። ይህ ግን የመንግሥትን ድርሻ እንደማይተካ ከወዲሁ እንናገራለን። በተለይ የቤት ሠራተኛ ያላችሁ፣ «ከአገሯ መጣች፣ በሽታ ይዛ ይሆናል» ብላችሁ በር አትዝጉባት፤ ደመወዟንም አትቁረጡባት። ሕጉ ቢተዋት ኅሊና አይተዋትም።

አራተኛ፣ የሕዝብ ተወካዮቻችን ሕግ ሲሻሻል ይህን ክፍተት እንዲደፍኑት እንጠይቃለን። ጤነኛ ሆኖ በትእዛዝ የተለየ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ይተርጎም። ደመወዙ ይከፈለው፤ ለትንሹ አሠሪ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይተካለት። ለለቅሶ የሄደና አደጋውን እያወቀ ለመዝናናት የሄደ ይለይ። ይህ ሁሉ በሽታው ሳይመጣ፣ ልብ ረግቶ ሳለ ይጻፍ። እሳት ሲነሣ ጉድጓድ መቆፈር አያዋጣም።

ሐሳብ ያላችሁ ነዋሪዎች፣ አሠሪም ሆናችሁ ሠራተኛ፣ በጽሑፍ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አድርሱን። ስማችሁ እንዲገለጽ ካልፈለጋችሁ አይገለጽም። የተሰበሰበው አስተያየት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለወረዳውም በማኅበሩ ደብዳቤ ይላካል። «ተቀመጥ» የተባለ ጎረቤታችን ሳይራብ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ የራሳችንን ቤት ከበሽታ መጠበቅ ነው።