ለጀማሪ የሚበጀው የሊኑክስ ቤት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘነብለው በባሶ ሊበን ምድር፣ በይጁቤ ከተማ፣ ባለፈው ክረምት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ሳለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የመጣ ወጣት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቢያገኛቸው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ብንሰካው ግን፣ ቫይረሱ የሰወራቸው ጽሑፎች አንዳቸውም ሳይጎድሉ ተገልጠው ታዩ።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ሊኑክስ ልጫን?» የሚለኝ በዛ። ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዋሸራና ጎንጅ ግእዛቸው አንድ ሆኖ የቅኔ ስልታቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1984 ዓ.ም. ያወጣው ከርነልም (የሥርዓቱ እምብርት) አንድ ሲሆን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ አርችና ሌሎቹ በእርሱ ላይ የታነጹ ልዩ ልዩ ቤቶች ናቸው። የቅኔ ተማሪም በጉባኤ ቃና እንጂ በመወድስ አይጀምርምና፣ ሁሉን በእጅ የሚያስገጣጥመው አርች ለኋላ ይቆይ።

የእኔ ፍርድ ለሚንት ነው። በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ በኡቡንቱ መሠረት ላይ የቆመው ይህ ሥርዓት፣ ሜኑው ከታች በስተግራ የተቀመጠ በመሆኑ ዊንዶውስ የለመደውን ሰው አያደናግርም፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላል ዓይነቱም 4 ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕ ይስማማል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን ነጻ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ 11ን መሸከም ለተሳነው ማሽን (ክራክ ከነቫይረሱ ከማስጫን ይልቅ) ከዚህ የተሻለ መጠጊያ አላየሁም።

ፓወር ግእዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና ጸሐፊዎች ይጨነቃሉ፤ ሆኖም በድምፁ የላቲን ፊደል እየመቱ ግእዙን የሚያወጡበት የአማርኛ ኪቦርድ ለሊኑክስም በነጻ ይገኛል። በጥንቱ ቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ደብዳቤ ግን፣ ፎንቱ አብሮ ካልተገለበጠ፣ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጌም እውነቱን መደበቅ አይገባም። ስቲም የተባለው የጌም መደብር ባለቤት በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ፕሮቶን የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ጀምሮ ለዊንዶውስ የተሠሩ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች በሊኑክስ ይከፈታሉ፤ ወጣቶቻችን የሚወዱት የእግር ኳስ ጨዋታ ግን፣ ከፊፋ 23 አንሥቶ፣ የማጭበርበር መከላከያው ሊኑክስን ስለማይቀበል እንቢ ይላል። ያለ እርሱ መኖር የማይችል ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ሚንትን ከጎኑ ይጫን፤ አስቀድሞም ጽሑፉን በሌላ ፍላሽ ይገልብጥ።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሞከራል፤ ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋውን ፋይል ግን እዚህ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የይጁቤ ልጆች፣ ለበዓል ስትመጡ አንድ አንድ ፍላሽ ሞልታችሁ ኑልን።